ሰሊጥ ውስጥ የመጣው ካርድ

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ነው፣ የሰሊጥ ወቅት... በምኖርባት በሱዳኗ ገዳሪፍ፣ የእህል ገበያው በር ላይ ቆሜ አጎቴን ጋሼ ፈንታሁንን እየጠበቅኩ ነበር። እውነቱን ለመናገር የጠበቅኩት እሱን ሳይሆን የያዘልኝን ዕቃ ነው።

ዕቃው የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ነው። ቤት ያለችኝ ኮምፒውተር ላይ የኳስ ጨዋታ ስከፍት ተጫዋቾቹ ፊት የላቸውም... ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ልሙጥ። ማን ጎል እንዳገባ የማውቀው በማልያው ቁጥር ነው። ካርዷን ልቀይርላት ብዬ ያክስቴን ልጅ አዲስ አበባ አስገዛሁት፣ መተማ ድረስ አመጣው፣ ጋሼ ደግሞ ከድንበሩ ወዲህ ገላባት ወርዶ ተቀበለልኝ።

ጋሼ ቁረይሻ አካባቢ የአንድ ሱዳናዊ ባለሀብት እርሻ ወኪል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራተኛ ቀጥሮ ያሳርማል፣ ያሳጭዳል፣ ሰሊጡን በሎሪ ጭኖ ገበያ ያወርዳል። የወኪል ሀብቱ ስሙ ነው። ስሙ ከጠፋ ያው ሻንጣውን ይዞ መሄድ ነው።

ሎሪው ገብቶ ቆመ። ጋሼ ከጭነቱ ላይ ወርዶ አቧራውን ያራግፋል። እጁ ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ዕቃውስ?»

«አለ። መንገዱን ታውቀው የለ... በእጄ ይዤው ቢሰበርብህስ ብዬ ሰሊጥ መሀል ቀበርኩት። የፋኖስ ብርጭቆ ሳይቀር እንደዚያ ነው የምናመጣው። አንድ ሻይ ልጠጣና አወጣልሃለሁ።»

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በፌስታል ጠቅልሎ ኬሻ ውስጥ ከቶ አፉን ሰፍቶታል። ግን ገዢ ሰሊጥ ሲያይ ኬሻውን አይፈታም... ጫፉ የሾለ የብረት ቱቦ ሆዱ ላይ ይሰካና ናሙና ያወጣል። ይሄን ጋሼ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ከሻዩ በፊት ይደርሱብኛል ብሎ ግን አላሰበም።

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን።

«ደ ሽኑ?» አሉ ሐጅ ሲዲቅ የሚባሉት ነጋዴ። ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ኬሻው ተተረተረ፣ ካርዱ ሰሊጥ እያንጠባጠበ ወጣ፣ ገበያተኛው ከበበን።

«ብረት ነው» አሉ ሐጁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሚዛን እንዲደፋለት ብረት ከቶበታል። ስንቱ ኬሻ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል? ይሄን ጭነት አልነካውም።»

የጋሼ ፊት ዐመድ መሰለ። አረብኛው ከእኔ የተሻለ ነው፣ ግን ዓይኑን ከተቀደደው ኬሻ ላይ አላነሣም። እኔ ልናገርለት ብዬ «የኔ ነው ሐጅ፣ የኮምፒውተር ዕቃ ነው፣ ለጨዋታ» ስል ጭራሽ ባሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ለጨዋታ የሚሆን ነገር ሰሊጥ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉ ሐጁ።

እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ «እሺ፣ ሲሠራ አሳየኝ። ካልሠራ ብረት ነው» አሉ።

ሦስታችን አንድ ባጃጅ ላይ፣ እዚያ ራክሻ ይሉታል፣ ተጣበን ወደ እኔ ቤት ሄድን። ጋሼ ካርዱን በፎጣው ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞታል፣ ወደ እኔ አያይም። ቱቦው አንዱን የማራገቢያ ክንፍ ሰብሮታል። ሌላ ምን እንደነካ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ቤት እንደገባን የኮምፒውተሩን ጎን ፈታሁ፣ አሮጌውን ካርድ ነቀልኩ፣ አዲሱን ሰካሁ፣ አበራሁ... ስክሪኑ ጨለማ።

«ብረት ነው» አሉ ሐጁ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ።

ጋሼ ተቀመጥ ብለውም እምቢ ብሎ በሩ ላይ ቆሟል። ጨዋታው ገደል ይግባ... የሰውዬው አሥራ ሁለት ዓመት በእኔ አምሮት ሊሄድ ነው።

ካርዱን ነቅዬ ባትሪ አበራሁበት። መሰኪያው ውስጥ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ተቀርቅራለች። አንዲት። በመርፌ ፈልቅቄ አወጣኋት፣ እፍ አልኩበት፣ መልሼ ሰካሁት።

በራ። ማራገቢያው በጎደለ ክንፉ እየተንገጫገጨ ሲዞር የቀረውን ሰሊጥ ሐጁ ጀለቢያ ላይ ረጨው። ጨዋታውን ከፈትኩ... ተጫዋቾቹ ፊት አወጡ። ሐጁ መቁጠሪያውን ትተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ወላሂ፣ ያልበዋል» አሉ አጥቂውን በጣታቸው እየነኩ። «ይሄን ሁሉ የሚሠራው ያ ብረት ነው?»

ከዚያ በኋላ ጥያቄያቸው አላልቅ አለ። ላቡን ማን ነው የሚስለው? ካርዱ የሰውዬውን መልክ ከየት ያውቀዋል? ደግሞ ሲሮጥ ሣሩ እንዴት ይተኛል? ግማሹን እኔም አላውቀውም፣ እስከዚያን ቀን ጠይቄም አላውቅ።

በመጨረሻ ተነሡና ለጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ይቅር በለኝ» አሉት።

ጋሼ እጁን አልሰጠም። ከገበያው ከወጣን አፉን የከፈተው ያኔ ነው።

«ሐጅ፣ ሌባ ያሉኝ እዚህ ቤት አይደለም። ካሉበት ቦታ ይመለሱና ይንገሩልኝ።»

ሐጁ ጫማቸውን አደረጉ። ወደ ገበያው ተመልሰን ሄድን። እዚያው ቦታ ላይ ቆመው፣ ቅድም የሳቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሰሊጡም ሰውየውም ንጹሕ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አሉ። ጋሼ እጁን የሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አልደብቅም፣ አለቀስኩ።

ካርዱ ለብዙ ዓመት ሠራልኝ። ጨዋታው ከብዶት ማራገቢያው ሲጮህ አልፎ አልፎ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ትላለች። ጋሼ እኔ ቤት መጥቶ ካለ ያነሣትና መዳፉ ላይ አገላብጦ ያያታል...

«አየህ፣ ብረት የለበትም» ይለኛል።