ዕድሜዬን የደበቀችልኝ ጠባብ ሳጥን

ከባለቤቴ ከየሺ ጋር መታወቂያ ልናወጣ ጎረቤላ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ስንጋባ ዕድሜዬን አሥር ዓመት ቀንሼ ስለነገርኳት፣ ገና ከደጁ «ነገ እንመለስ» ማለት ጀመርኩ። ጸሐፊዋ ካርዴን ከኮምፒውተሯ አትማ ብታየው፣ በልደት ቀኔ ቦታ አጥር የመሰለ ጭረት ተደርድሯል።

«አባባ፣ ቀኑ ውስጡ አለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈባት ሳጥን ጠባ ነው የማይታየው» አለች። «ካርዱን በራሱ የሚሞላው ማክሮ የሚባለው ትእዛዝ፣ ላይ ላዩን የሚታየውን ብቻ ገለበጠ። አሁን የውስጡን እንዲወስድ አስተካክለዋለሁ።»

«ተይው የኔ ልጅ! አጥሩ ያምርብኛል። ደህና የተኛውን ምን አስቀሰቀሰሽ?» ብዬ ለመንኳት።

«አይሆንም አባባ» ብላ ልትነካካው ስትል፣ የሺ ብድግ ብላ የጸሐፊዋ ጆሮ ሥር ተለጠፈች። ሹክ ማለቷ ነበር፤ እንኳን እኔ አንኮበርም ሰምቷል።

«የኔን ካርድ እንደታጠረ አትሚልኝ፣ እናቴ። ለዚህ ሰውዬ አሥራ አምስት ዓመት ነው የቀነስኩለት።»