ጥንድ ያጣችው በቅሎ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለን ነበር። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስት የሐበሻ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር፣ መብራቱ ብዙ ጊዜ የሚሄደው አመሻሹ ላይ ነው፤ ያኔ የጎረቤታችን የጋሽ በቀለ በር ይከፈታል፣ ጂኮ የሚሉት የከሰል ምድጃ ወደ በረንዳው ይወጣል፣ ፋኖሱ እየጨሰ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፣ እኛም ልጆቹ ፍሙን ከበን እንቀመጣለን።

ጋሽ በቀለ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ናይሮቢ ውስጥ ምንም አልነበሩም። የመኖሪያ ወረቀታቸው ስላላለቀ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ። ተረት ሲያወሩ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ተረታቸው መሀል ላይ ይቆማል፤ ባለታሪኩን አንድ ነገር ይቸግረውና እሳቸው ዝም ይላሉ። መፍትሔውን የምንፈልገው እኛ ነን። መልስ ብቻ ይዞ የመጣን ልጅ አይቀበሉትም። «ለምን?» ይሉታል። ለምኑን ካላወቀ ተራው ያልፋል።

ከሁሉ የማስታውሰው የጨው ነጋዴውን ነው። ነጋዴው ማባዛት አያውቅም፤ የሚያውቀው እጥፍ ማድረግና ለሁለት መክፈል ብቻ ነው። አሥራ ሦስት በቅሎ አለው፣ በእያንዳንዷ ላይ ሃያ አምስት አሞሌ ጨው ጭኗል። የኬላው ሹም ጠቅላላ ስንት እንደሆነ ካልነገርከኝ አታልፍም ብሎታል። ነጋዴው ከሰል አንስቶ ድንጋይ ላይ በግራ አሥራ ሦስት፣ በቀኝ ሃያ አምስት ጻፈ። የግራውን ለሁለት እየከፈለ፣ የተረፈችውን አንድ እየጣለ ወረደ፤ ስድስት፣ ሦስት፣ አንድ። የቀኙን እጥፍ እያደረገ ወረደ፤ ሃምሳ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ። ከዚያ በስድስቱ ትይዩ ያለውን ሃምሳ ሰረዘና የቀሩትን ደመረ። ሦስት መቶ ሃያ አምስት። ልክ ነው።

«ሃምሳውን ለምን ሰረዘው?» አሉ ጋሽ በቀለ።

ሦስት ምሽት ተከራከርን። አንዱ «ጠንቋይ ስለሆነ» አለ። እኔ «ልክ እንዲመጣለት ነዋ» አልኩ።

«አንተ ጠበቃ ይወጣሃል፣ አስተማሪ ግን አይወጣህም» አሉኝ።

ያገኘችው እህቴ ሰብለ ነበረች። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ግን እኔ ከእናታችን ጋር ቀድሜ ስለመጣሁና እሷ ከአክስታችን ዘንድ ቆይታ ስለተከተለችን፣ አንድ ክፍል ነው የምንማረው። አሥራ ሦስት ከሰል ለቅማ መሬት ላይ ደረደረች።

«በቅሎዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አሰራቸው» አለች። «ስድስት ጥንድ፣ በእያንዳንዱ ጥንድ ሃምሳ አሞሌ። አንዷ ግን ጥንድ አጣች፤ የሷን ሃያ አምስት ለብቻ ይይዛል። ስድስቱን ጥንድ እንደገና ሁለት ሁለት ሲያደርጋቸው ማንም አልቀረም። ማንም ካልቀረ ምን ይይዛል? ሃምሳውን ይሰርዘዋል። ከሦስቱ ግን አንዱ ይቀራል፤ የሱን መቶ ይይዛል። የመጨረሻው ደግሞ ብቻውን ነው፣ እሱም ይያዛል።»

ጋሽ በቀለ ተነስተው እንደ ትልቅ ሰው እጇን ጨበጡ።

ያን ዓመት ሰብለ ስድስተኛ ክፍልን እየደገመች ነበር፤ የደረስኩባትም በዚህ ነው። እናታችን ዌስትላንድስ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። «ዘንድሮም ከወደቅሽ እኔ ጋ ሰሃን አጠባ ትገቢያለሽ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?» ብላታለች። በቁጣ አልነበረም። ሰብለን የሚጥላት ሒሳብ ነበር። ጥያቄውም መልሱም በእንግሊዝኛ ነው።

በዓመቱ የመጨረሻ ተርም አዲስ የሒሳብ አስተማሪ መጣች። ወጣት ናት፣ ዱላ አትይዝም። በአንድ ዴስክ አራት ሆነን ለምንቀመጠው፣ «መልሱን አትንገሩኝ፤ እንዴት እንዳሰባችሁ ንገሩኝ። ያልገባው ይጠይቅ። ወጥቶ ለሚያስረዳ ነጥብ እሰጣለሁ» አለችን። ሰብለ ቀና ስትል አየኋት።

አንድ ጠዋት ጥያቄው አሥራ አንድ ሳጥን ሶዳ ሆነ፤ በያንዳንዱ ሃያ አራት ጠርሙስ። ሰብለ እጇን አወጣች። ወጥታም እንደ ነጋዴው ጻፈች፤ በግራ አሥራ አንድ፣ አምስት፣ ሁለት፣ አንድ፤ በቀኝ ሃያ አራት፣ አርባ ስምንት፣ ዘጠና ስድስት፣ መቶ ዘጠና ሁለት። ዘጠና ስድስቱን ሰርዛ ደመረች። ሁለት መቶ ስድሳ አራት።

«ልክ ነው» አለች አስተማሪዋ በመገረም። «ግን ይኸኛውን ለምን ሰረዝሽው?»

ሰብለ ጥንድ የሚለውን በእንግሊዝኛ አታውቅም። በቅሎ የሚለውንም አታውቅም። በስዋሂሊ የምታውቀው አህያን ነው።

«ፑንዳ» አለች። «ፑንዳ ቱ፣ ቱ፣ ቱ። ዋን ፑንዳ… ኖ ፍሬንድ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ እንደ አህያ አናፋ። አስተማሪዋ ዝም አሰኘቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ወንድሟ ነህ። የምትለው ይገባሃል?»

ተነሳሁ። ገብቶኛል። ቃሉም በእንግሊዝኛ ነበረኝ። አጠገቤ ያለው ልጅ በሹክሹክታ «ፑንዳ ምዶጎ» አለኝ፤ ትንሹ አህያ።

«ሲጁዊ፣ ቲቸር» አልኩ። አላውቅም።

አስተማሪዋ ጠመኔዋን ይዛ ጠበቀች። ለእኛ ማንም አስተማሪ ያን ያህል ጠብቆ አያውቅም። ከዚያ ሌላ ልጅ ጠራች፤ በተለመደው መንገድ ሠርቶ አስረዳ፣ ተጨበጨበለት። ሰብለ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ፑንዳ ሆነ፤ እጇንም ዳግም አላወጣችም።

እቤት አልተናገርኩም። ጋሽ በቀለ ግን ከግቢው ልጆች ሰሙ። በማግሥቱ ኮታቸውን ለብሰው ትምህርት ቤት ድረስ አብረውን መጡ። በሩ ላይ ዘበኛው መታወቂያ ጠየቃቸው። ያላቸው በአማርኛ የተጻፈ የድሮ የአስተማሪነት መታወቂያ ነበር። ዘበኛው ፊትና ጀርባውን አየና መለሰላቸው።

«አስተማሪዋን ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የምፈልጋት፣ በለው» አሉኝ።

አልኩት። አይቻልም አለ።

«ይተዉት ጋሼ፣ ተደወለ እኮ» አለች ሰብለ። ስንገባ ዞር ብዬ አየሁ፤ ካርዱን እንደያዙ ቆመዋል።

ሰብለ ወደቀች። በጃንዋሪ ትምህርት ሲከፈት እኔ ሰባተኛ ክፍል ስገባ እሷ ከእናቴ ጋር ዌስትላንድስ መሄድ ጀመረች። ማታ ደክሟት ትመጣለች፤ መብራት ቢጠፋም በረንዳው ላይ አትወጣም። ጋሽ በቀለ ተረታቸውን አላቋረጡም። ፍሙም፣ ፋኖሱም፣ ጥያቄውም ያው ነበር። እኔ ግን ያኔ መመለስ አቆምኩ፤ የማውቀውንም ጭምር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ተረቶቹ አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል፤ የቀረኝ ያ ጠዋት ነው። ባለፈው ዓመት ለሰብለ በስልክ አነሳሁላት። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ አልኳት።

ሳቀች። «አንተ ደግሞ! ሕፃን አልነበርክ? ያኔ አንተስ ምን እንግሊዝኛ ነበረህ?»

ነበረኝ። «እውነትሽን ነው» አልኳት።