የጋሼ ተፈራ ወይን ጠጅ፤ ከዘሄግ እስከ አምስተርዳም

ሐሙስ ጠዋት፣ ስኬቨኒንገን

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሆላንድ ውስጥ፣ የዘሄግ ሰፈር በሆነው ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር ካለ ሆቴል አልጋ አነጥፍ፣ ክፍል አጸዳ ነበር። ጥቅምት ውስጥ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ፍለጋ ተነሣሁ። ለራሴ እንዳይመስላችሁ፤ አምስተርዳም ለሚኖሩት ለጋሼ ተፈራ ነው። ቅዳሜ ልጃቸው ካናዳ ሊወስዳቸው ነው። እኔና እሳቸው ደግሞ ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው።

እዚህ አገር ሳገባ አባት ሆነው የዳሩኝ ጋሼ ናቸው። ትዳሬ ሲፈርስ፣ "ጥፋቱ ያንቺ ነው፣ ተመለሺ" ቢሉኝ፣ "እርስዎ ምን አገባዎት? አባቴ አይደሉም!" አልኳቸው። ምላሴን ይቁረጠው! በዓመቱ ሄጄ ይቅርታ ብጠይቅ፣ "ተይው፣ አያስፈልግም" አሉኝ፤ እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። አሁን ሳንታረቅ ውቅያኖስ ከተሻገሩ አለቀ፣ በቃ።

የወይን ጠጁ ነገር እንዲህ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የአንድ ጣሊያናዊ የጭነት መኪና ሾፌር ረዳት ነበሩ። ሰውየው ከደቡብ ጣሊያን፣ ከአባቱ የወይን ማሳ፣ በመርከብ የሚመጣለት ትልቅ የወይን ጠጅ ዳሚጃን ነበረው። ምሳ ሰዓት መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ለረዳቱም ይቀዳለት ነበር። ጋሼ የወይኑን ዘር ስም እስከዛሬ አልረሱም፦ አሊያኒኮ። "ጥቁር ነው ልጄ፣ ብርሃን አያሳልፍም" እያሉ ስንቱን የሆላንድ ሱቅ ዞረዋል፤ አላገኙትም።

ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን

የሆቴላችን ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ጣሊያናዊ ነው ሮተርዳም አሊያኒኮ የሚሸጠውን ያገሩን ሰው ቪቶን የጠቆመኝ። በትራም ወደ ባቡር ጣቢያ፣ ከዚያ በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ቦይ፣ ላም፣ ቦይ፣ ላም። ሮተርዳም ደግሞ ሌላ ትራም ያዝኩና አሮጌው ወደብ አጠገብ ወረድኩ። ታናሽ እህቴ እዚያው ከተማ ናት፤ ተኳርፈናልና ደጇን አልረገጥኩም። ቪቶ የሚሸጠው ከቤቱ ምድር ቤት ነው። በሩን ስከፍት የእርጥብ እንጨትና የጠላ ጋን ሽታ ተቀበለኝ።

ቪቶ ስድሳ ያለፈው፣ ወፍራም፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። አገሩ ያለው የቤተሰቡ የወይን ማሳ ከአያት የወረደ ነው፤ ድሮ እሳት ይተፋ ከነበረ ተራራ ግርጌ ነው ያለው። አፈሩ ጥቁር ነው። ሌላው ሰው ወይኑን ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ፣ ብርዱ ሲገባ ነው የነሱ የሚደርሰው፤ ያኔ እህትና ወንድም ሁሉ ተሰብስቦ ይለቅማል። አሁን የቀረው አንድ ወንድሙ ነው። "ልጆቹ ፋብሪካ ገቡ፤ ከሱ በኋላ ማን እንደሚለቅም እንጃ" አለኝና ብርጭቆ ሞልቶ ዘረጋልኝ።

እኔ ጨዋ ያሳደገኝ ነኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ "አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ" አልኩ። እንዲለምነኝ እየጠበቅሁ ነው እንግዲህ። ሰውየው ሆዬ ብርጭቆውን ራሱ ጨለጠና ጠርሙሱን ከደነው!

"ያባቴን ወይን የማይጠጣ ሰው አልሸጥለትም" አለ ፊቱ ጠቁሮ።

"ኧረ በሥላሴ!" አልኩት በዚያ በተሰባበረ ሆላንድኛዬ። "እኛ አገር ገና ሲሰጧት እጇን የምትዘረጋ ባለጌ ናት። መጀመሪያ እምቢ ትላለች፣ ትለመናለች፣ በሦስተኛው እሺ ትላለች።"

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ካልለመኗት ቁራሽ አትቀምስም! ሃያ ዓመት ከሆላንዶች ጋር ስኖር ረሳሁት።" ወዲያው እንደ አዲስ ቀዳልኝና በወጉ ሦስቴ ለመነኝ። ጠጣሁ። መጀመሪያ ምላሴን እንደ ጌሾ ጨመደደኝ፤ ቆይቶ ደረቴ ላይ ሞቀኝ። በአሥር ጊልደር አንድ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

አምስተርዳም፣ ቤልመር

ከሮተርዳም አምስተርዳም ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድኩ፤ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፌ። ከዚያ ሜትሮ። ቤልመር ፎቆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ የሰው ቤት አንኳኩቻለሁ። ጋሼ በሩን ሲከፍቱ ሻንጣቸው ታስሮ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ሳይስሙኝ ግቢ አሉኝ።

ቀዳሁላቸው። "አልጠጣም" አሉ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ባለጌ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ተይው፣ አያስፈልግም።"

እውነቱን ልናገር፣ ልነሣ ነበር። እጄ ቦርሳዬን ይዟል። ግን ቪቶ ጠርሙሱን ሲከድን ትዝ አለኝ። ወርጄ ጉልበታቸውን ያዝኩ። "በሞቴ ጋሼ!"

"ተነሺ አንቺ ልጅ።"

"አልነሣም። አባቴ ነዎት። በሞቴ!"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። "አምናም እኮ አንዴ ብቻ ብለሽ ሄድሽ" አሉኝ። "ሁለተኛውን ስጠብቅ ወጣሽ። ሜትሮው ድረስ በመስኮት አየሁሽ። ትመለሳለች ብዬ ያቀረብኩትን ምሳ እስኪመሽ አላነሣሁም።"

እኔ አፈርኩ፤ አለቀስኩ። እሳቸው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥተው ብርሃን ላይ አዩት፣ ቀመሱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይሄ አይደለም።"

"እንዴ ጋሼ! አሊያኒኮ ነው እኮ!"

"ያኛው ይጣፍጥ ነበር።" ከዚያ ሳቁ። "ወይም እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ስለነበረ ነው። ለማንኛውም ቅጂ።"

የአሰብን መንገድ እያወሩልኝ ጠርሙሱን ጨረስነው።

መልስ

ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ዘሄግ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርኩ። ጋሼን ከዚያ ወዲህ በአካል አላየኋቸውም፤ እዚያው ካናዳ አረፉ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር፣ በሰው አገር ስኖር ቋንቋውን ሳልጨርስ ጠባዩን ቀድሜ መልመዴን ነው። ሰው አንዴ እምቢ ሲለኝ፣ እሺ ብዬ መሄድ ለምጄ ነበር። ስንቱን ሰው እንዲሁ በር ላይ ትቼው መጥቻለሁ!

በማግሥቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ታናሽ እህቴ ጋ፣ ሮተርዳም ደወልኩ። እሷንም በማይረባ ነገር አኩርፌያት ከርሜያለሁ። ድምፄን ስትሰማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

እንደገና ደወልኩ።