በአሥር ገብቶ በአንድ የወጣው ኦርጋን

ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ ኪቦርድ ገዛሁ። ርዝመቷ ከክንዴ አይበልጥም፤ ክብደቷም አንድ ዶሮ አይሞላም። የራሷ ድምፅ የላትም፤ ሥራዋ የተነካውን ቁልፍ ለኮምፒዩተር መንገር ብቻ ነው። ሽቦዋን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ፣ ሙዚቃ የማቀናብርበትን ነጻ ፕሮግራም ከፈትኩ፣ ጣቴን አሳረፍኩ፤ ጮኸች። በቃ። የጠየቀኝም የመረጥኩትም ነገር የለም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እዚህ ላይ “ድሮ ቀረ” ብሎ እንዲተክዝ ይጠበቃል። እኔ አልተከዝኩም። ድሮ ጥሩ ነበር የሚሉ ሰዎች፣ ጥሩ የነበረው የገዛ ጉልበታቸው መሆኑን ይረሳሉ። ይልቅ ሳቄ መጣ። ይኸው ፕሮግራም ገና በጨቅላነቱ፣ እኔም በልጅነቴ፣ አንድ ቁጥር ምረጡ ብሎን ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ያለች አንዲት ሱቅ አተራምሶ ነበር።

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሞባይል የሚባል ነገር ከተማችን አልደረሰም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ይርጋ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር፤ ሥራው ሠርግ ላይ ኦርጋን መጫወት ነው። የዛሬ ልጆች ኪቦርድ የሚሉትን እኛ ኦርጋን ነበር የምንለው። ጋሼ ይርጋ ኦርጋኑን በነጠላ ጠቅልሎ አልጋው ላይ ያስተኛውና ራሱ መደብ ላይ ያድራል። እናቴ “ሚስት ብታገባ ይሻልህ ነበር፤ እሷ እንኳ ትንሽ ቦታ ትለቅልሃለች” ትለዋለች።

በዚያ ጥር እብናት ላይ ሠርግ ሲጫወት የጄኔሬተሩ ኃይል ድንገት ከፍ አለና ኦርጋኑ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። መብራቱ ይበራል፣ ቁልፉ ይሠራል፤ ድምፅ ግን የለም። ሬዲዮ ጠጋኙ ከፍቶ አየውና “ነፍሱ አለች፤ ጉሮሮው ነው የተቃጠለ” ብሎ መለሰለት። አያቴ አባባ ፈንቴ የሚያርሱት እዚያው እብናት ገጠር ነበርና ወሬው ወዲያው ደረሳቸው። ልጃቸው አርሶ እንዲበላ እንጂ በየዳሱ ጣቱን ሲያወራጭ እንዲኖር ፈቅደው አያውቁም። የላኩበት ቃል አጭር ነው፤ እሑድ ሐሙሲት የዘመድ ሠርግ አለ፤ እዚያ ከተጫወትክ እሰየው፤ ካልሆነልህ ኦርጋንህን ሽጠህ ትመጣለህ፤ በሬዎቹ ሰው እየጠበቁ ነው። አባባ ፈንቴ የተናገሩትን አያጥፉም፤ ጋሼ ይርጋም የአባቱን ቃል አይጥስም። ስለዚህ የሰውየው ኑሮ በሙሉ እሑድ ላይ ተንጠለጠለ።

እትዬ ዘሃራ ገበያው ዳር የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ነበራቸው። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ የሠርግ ጥሪ ያትማሉ፣ በጎን ደግሞ ሻማና ሳሙና ይሸጣሉ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ጓደኞቼ ሱዚ ሲዘሉ እኔ እሳቸው ዘንድ ገብቼ መተየብ እለማመድ ነበር። እውነቱን ለመናገር የጎተተኝ የዚያች ክፍል ሽታ ነው፤ የሞቀ ቀለም፣ የሻማ ሰም፣ ኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የሚግል አቧራ። ባሕር ዳር የሚማር የእህታቸው ልጅ ለእረፍት ሲመጣ አንድ ሲዲና ጫፉ ክብ የሆነ ገመድ ትቶ ሄዷል። ሲዲው ላይ ያለው የሙዚቃ ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ማንም ይወስደዋል፣ ውስጡን ከፍቶ ያየዋል፣ ከፈለገም ይለውጠዋል ብሎን ነበር። እትዬ ዘሃራ አላመኑም። “በነጻ ከሰጡት አንድ ነገር ጎድሎታል” አሉ። በዚህ እምነት ዛሬም የሚኖሩ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ አብዛኞቹ አለቆች ሆነዋል።

ጉሮሮው የተቃጠለው ኦርጋን ጀርባው ላይ ሚዲ የሚባል ክብ ቀዳዳ ነበረው። ገመዱ ልክ ገጠመለት። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ኦርጋኑ የተነካውን ቁልፍ ይናገር፣ ኮምፒዩተሩ በእሱ ፈንታ ይዝፈን። ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ሳይሞቅ ኦርጋኑን ተሸክመን ሄድን። ፕሮግራሙን ከፈትኩና የሚዲ መሣሪያ ማስተካከያውን መስኮት አገኘሁት። የሚያስገባው መሣሪያ የትኛው ነው አለን፤ መረጥን። የሚያስወጣውስ አለን፤ መረጥን። ከዚያ “ቻናል” ብሎ ቆመ፤ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት።

“ቻናል ደግሞ ምንድን ነው?” አለ ጋሼ ይርጋ።

“መንገድ ነው መሰለኝ። ከአሥራ ስድስቱ አንዱን ምረጥ ነው የሚለው።”

“ለምን አሥራ ስድስት ላይ ቆሙ? ማርያምንም ጊዮርጊስንም አላስገቡ!” ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። “ሥላሴ አለ፣ ሚካኤል አለ… አሥር አድርጊው። መስቀሉ።”

እትዬ ዘሃራ ከሻማው ካርቶን ላይ ቀና አሉ። “አንተ ይርጋ፣ ማሽን እኮ ነው የጠየቀህ!”

“ቢሆንስ? የመስቀሉ ማኅበርተኛ ነኝ። በዚህ ጭንቅ ማንን ልጥራ?”

“አንድ ምን አደረገህ? አላህ አንድ ነው። አንድ በልና ተገላገል።”

“በኮምፒዩተርዎ እርስዎ አንድ ይበሉ፣ እትዬ። ኦርጋኑ የኔ ነው።”

ይህ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ከአንድ እስከ ሠላሳ ያለው ቁጥር ሁሉ ባለቤት አለው። ቀጠሮ የሚያዘው፣ ጥጃ የሚሸጠው፣ ሙሽራ የምትጠየቀው በቀኑ ስም ነው። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ይህን አላሰቡም፤ እኛም እነሱ ያሰቡትን አላወቅንም።

አሥር አደረግሁት። ጋሼ ይርጋ አማትቦ በትዝታ ቅኝት ሊጀምር ጣቱን ጣለ። ከታችኛው ቁልፍ ከበሮ ተመታ። ቀጥሎ ቃጭል። ቀጥሎ ጣሳ ከመደርደሪያ የወደቀ የመሰለ ነገር። ወደ ላይ ሲወጣ የኳስ ዳኛ ፊሽካ ተነፋ። በግ የሚጎትት አንድ ገበሬ በሩ ላይ ቆመና “ሠርጉ እዚህ ነው?” ብሎ ጠየቀ።

“ኧረ ለቅሶ ነው!” አሉት እትዬ ዘሃራ። “እለፍ፣ ወንድሜ።”

ጋሼ ይርጋ እያንዳንዱን ቁልፍ ሞከረ። ዜማ የሚባል የለም፤ የሚመታ፣ የሚንቋቋ፣ የሚንሿሿ ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

“በሬዎቹ ጠሩኝ” አለ።

ፕሮግራሙ ከነመመሪያው ነበር የመጣው። የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ስለ ቤተሰብና ስለ አየር ጠባይ እንጂ ስለ ሚዲ አያስተምርም። ቢሆንም መዝገበ ቃላት ይዤ ገጹን ቃል በቃል ስፈታ ቆየሁ፤ ገበያው ውጭ ሞቆ፣ በርበሬው እስከ ሱቁ ድረስ እያስነጠሰን፣ ደረስኩበት። አሥረኛው ቻናል ለከበሮና ለሚመታ ነገር ሁሉ የተሰጠ ነው። ለምን እንደሆነ መመሪያው አይናገርም። ሰዎች ተስማምተው ነው፤ እኛ አሥርን ለመስቀሉ እንደሰጠነው።

“ጋሼ፣ ቁጥሩን እንቀይረው። አንድ ላድርገው፣ ወዲያው ይዘፍናል።”

“አይሆንም።”

“ለምን?”

“ተስዬበታለሁ። ለእሱ ሰጥቼ፣ ሳይቀናኝ ሲቀር ወደ ሌላ ልዙር? ሰው እኮ አይደለም የምሸነግለው።”

“ያ አላህ!” አሉ እትዬ ዘሃራ። “ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ቁጥር ታቅፎ እርሻ ሊገባ ነው።”

ይህን ታሪክ ሳወራ “ወይ ኋላ ቀርነት” የሚሉኝ አሉ። እኔ አልልም። ያንን ቻናል ለከበሮ ብቻ ያስከበሩትም ሰዎች ልማዳቸውን ነው የጠበቁት፤ ልዩነቱ የእነሱ ልማድ መመሪያ ላይ መጻፉ ነው። ሁለት ልማድ አንድ ቁጥር ላይ ሲጋጭ ዞር ማለት ያለበት ሁልጊዜ የጋሼ ይርጋ የሚሆንበት ምክንያት አልገባኝም፤ ያኔም አልገባኝም፣ አሁንም አልገባኝም። ደግነቱ ፕሮግራሙም እንዲገባኝ አላስገደደኝም። ክፍት ነበር። የሚሠራው ሥራ ሁሉ በሣጥን በሣጥን ተሥሎ ይታያል፤ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው መስመር ትስባላችሁ፣ መልእክቱ በዚያ ይሄዳል። ከኦርጋኑ የሚቀበል ሣጥን አለ፤ ለድምፁ የሚሰጥ ሌላ ሣጥን አለ። ሁለቱ አንድ ቁጥር እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ ፈለግሁ፤ የለም። በሚቀበለው ውስጥ አሥርን እንዳለ ተውኩት። በሚሰጠው ውስጥ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

“ጋሼ፣ እየው። በአሥር ይገባል፤ አልነካሁትም።”

“አየሁ።”

“ሲወጣ ግን በአንድ ነው።”

ጣቱን እንደገና አጠፈ። “አንድ ልደታ ናት።”

“አዎ፣ ልደታ ናት።”

“መስቀሉ ተቀብሎ ለልደታ ከሰጠ…” ወደ እትዬ ዘሃራ ዞረ። “ምን ይሉኛል?”

“ምን እልሃለሁ? መጀመሪያውኑ አንድ በል አላልኩህም?”

ጣቱን ጣለ። ትንሽ በአፍንጫው የሚናገር፣ ግን ቀጥ ያለ፣ ክራር የሚመስል ድምፅ ወጣ። ጋሼ ይርጋ እስኪበቃው ተጫወተ፤ እትዬ ዘሃራም የማይመጣ ደንበኛ እየጠበቁ ሻማውን ደግመው ደጋግመው ደረደሩት። ያቺ ጠባብ ክፍል እንደዚያ ስትሞላ አይቻት አላውቅም።

እሑድ ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልለን በሚኒባስ ሐሙሲት ወረድን። እትዬ ዘሃራ “ከንብረቴ አልለይም” ብለው ያን ትልቅ ስክሪን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አቅፈው ሄዱ። ዳሱ ውስጥ ስንዘረጋው ሽማግሌዎቹ ቴሌቪዥን መስሏቸው አግዳሚያቸውን ወደ እኛ አዞሩ፤ “ዜናውን ተዉትና ፊልም አድርጉ” ያለም ነበር። አባባ ፈንቴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል ተክለው ከልጃቸው ጣት ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ጋሼ ይርጋ አማተበ። የመጀመሪያው ድምፅ እስኪወጣ እኔ የገመዱን ጫፍ ጫን ብዬ ያዝኩ። ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሚዜዎቹ ትከሻቸውን ፈቱ፣ የዳሱ ቄጠማ ከአቧራ ጋር ተደባልቆ ሸተተ።

ለእረፍት ሲቆም አባባ ፈንቴ በዱላቸው ጠሩን።

“ይኼ ዕቃ ተቃጠለ አልተባለም?”

“ተቃጥሏል፣ አባባ። ራሱ ድምፅ የለውም።”

“ታዲያ ማነው የሚዘፍን?”

“የነካሁትን ይኼ ለዚያኛው ይነግረዋል፤ ያኛው ይዘፍናል።”

አባባ ፈንቴ ኦርጋኑን አዩ፣ ኮምፒዩተሩን አዩ፣ መሐል ያለውን ገመድ በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

“ውኃው በድሮ ቦዩ አልሄድ ቢል በሌላ መራችሁት በሉኛ።”

“እንደዚያ ነው፣ አባባ። የእህቴ ልጅ ናት የመራችው።”

አዩኝ። ከዚያ ወደ ሙሽሮቹ ዞር ብለው እንደ ዋዛ “በሬዎቹን ለጎረቤት እሰጣለሁ” አሉ። ትንሽ ቆይተው “ዘንድሮ” ብለው ጨመሩበት።

ያ “ዘንድሮ” ብዙ ዓመት ቆየ። ጋሼ ይርጋ አዲስ ኦርጋን ገዛ፤ ከወረታ እስከ ንፋስ መውጫ ያልረገጠው ዳስ የለም። በኋላ ፍላሽ የያዙ ልጆች ትልልቅ ድምፅ ማጉያ እየጎተቱ መጡ፣ ጥሪው ሳሳ። አባባ ፈንቴ ሲያርፉ ጋሼ ይርጋ እብናት ገብቶ መሬታቸውን ያዘ። “ተሸንፎ ገባ” ከሚሉት ዘመዶች ጋር አልስማማም። አባቱ ሲጠሩት አልሄደም፤ ራሱ ሲፈልግ ሄደ። በእነዚህ ሁለት መሐል አንድ ሙሉ ወጣትነት አለ፤ እሱም ተጫውቶበታል።

በዚህ ቅዳሜ ለገበያ ወጥቶ ቤቴ ጎራ አለ። የጉና ተራራ ጉሙን አውልቆ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። አዲሷን ኪቦርድ አሳየሁት። ገና በአንድ ጣቱ ሲነካት ጮኸች።

“ምንም አልጠየቀችሽም?”

“ምንም።”

“ሳትጠይቅ ምኑን አወቀችሽ ታዲያ?” አለና ተቀመጠ።

ፕሮግራሙ ዛሬ ቁልፉ የተነካበትን ኃይል ጭምር በቁጥር ያሳየኛል። እኔ ስጫወት ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። እሱ ሲጫወት በእያንዳንዱ ጣት ቁጥሩ መጨረሻው ላይ ደረሰ፤ መለኪያው ከዚያ በላይ አይሄድም። ለስላሳ መሆን ያለበት ዜማ በሙሉ ጩኸት ሆነ። ጋሼ ይርጋ ቆመ።

“ቀስ ብዬ እኮ ነው የምነካት” አለ፤ እጁን ገልብጦ አየው። እርፍ የጨበጠ እጅ ነው፤ መዳፉ እንደ ቁርበት ደድሯል።

ሻይ አቀረብኩለት። እየጠጣ የዘንድሮን ጤፍ ሲያወራኝ እኔ እየሰማሁ አንዲት ሣጥን ሣልኩ፤ ከባዱን ተቀብላ አቅልላ የምታሳልፍ። መሐል ላይ አስገባኋት። ያኔ ግማሽ ቀን የፈጀብን ዕቃውን ከሰውየው ጋር ማግባባት ነበር። አሁን ዕቃው በራሱ ይግባባል፤ የደከመው ወገን የእኛ ነው። ደግነቱ ፕሮግራሙ ዛሬም ክፍት ነው።

ብርጭቆውን አስቀምጦ ደግሞ ጣቱን አሳረፈ። ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ለስልሶ፣ እንደዚያ ዘመኑ ሆኖ ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ተጫወተው።

“አየሽ፣” አለኝ ሲጨርስ፣ “እጄ አልረሳም።”

“አልረሳም፣ ጋሼ” አልኩት።