የተቆራረጠው ሰማያዊ መስመር

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጄ ልጅ ወረታ ከተማ መጥታ፣ በስልኳ የድሮ ካርታ አሳየችኝ። «አባባ፣ ይኼ ዱሮ ማዕድን ይፈለግበት የነበረው የአፋር በረሃ ነው» አለችኝ። ስልኩን ተቀብዬ ዓይኔን ካርታው ላይ ተከልሁ። ታላቅ ወንድሜ ይርጋ እንዲህ ያለ ካርታ ይዞ ሄዶ አልተመለሰም።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል ካርታ አነባለሁ የሚል ከኔ ሌላ አልነበረም፤ ጉራዬማ ለጉድ ነው! ይርጋና ጓደኛው ሙጨ በረሃ ወርደው ወርቅ ሊቆፍሩ ቆረጡ። ካርታውን ለማዕድን ፈላጊዎች መኪና ይነዳ ከነበረ ሰው አገኙት። መስከረም አልቆ የክረምቱ ጎርፍ ከሜዳው እየሸሸ ነበር፤ ደጃፋችን ግን ገና ጭቃ ነው። እናቴ ለስንቅ በሶ እየቋጠረች ጠራችኝ።

«አንተ የተማርኸው፣ እስቲ እይልኝ። አገሩ ውኃ አለው?»

ወረቀቱን መደብ ላይ ዘረጋሁት። ከተራራው ወርዶ በረሃውን የሚያቋርጥ ሰማያዊ መስመር አየሁ፤ የተቆራረጠ ነው። «በበጋ የሚደርቅ ወንዝ» የሚል ትርጉሙ ግርጌው ላይ ተጽፏል፤ ማን ያንብበው! የፎገራ ልጅ ወንዝ ይደርቃል ብሎ በምን ያስባል? እኛ ውኃን የምናውቀው ቤታችን ሲገባ፣ ከብት ይዘን ወደ ዳገት ስንሸሸው ነው።

«እንዴታ! ርብን የሚያህል ወንዝ አለ» አልሁና በጣቴ አሳየኋቸው።

ይርጋ ሁለት ጀሪካን ገዝቶ ነበር። «ካለማ ምን አሸከመኝ» ብሎ አንዱን ለእናቴ ተወላት።

ለገና ሙጨ ብቻውን መጣ፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም ነበርና ለኔ ነገረኝ።

«ወንዙን አገኘነው፤ አሸዋ ነው። ይርጋ ‹ወንድሜ አለ ካለ አለ፤ ከሥር ይሆናል› እያለ በእጁ ይቆፍራል። እንመለስ ብዬ ብለምነው እንቢ አለኝ። ግመለኞች ሲደርሱ እሱ አልፏል፤ እዚያው ቀበርነው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእናትህ ምን ልበላት?» አለኝ።

«መንገድ ጠፋን በላት» አልሁት። ፈሪ ነበርሁ።

እናቴ በየሙት ዓመቱ «ልጄ መንገድ ስቶብኝ» እያለች አልቅሳ አልቅሳ አለፈች። አንድም ቀን እውነቱን አልነገርኋት።

የልጄ ልጅ «አባባ፣ ምን ሆኑ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ይርጋ መንገድ አልሳተም። ያሳየሁት ቦታ ድረስ ሄዷል።