ቴፒ ቡና መጋዘን የገባው ደቦ

ከአገሬ ከጌጫ ወደ ቴፒ ልወጣ ዋዜማው ማታ ልጄ አልማዝ ሻንጣዬን ደበቀችብኝ። ሻንጣ ስላችሁ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፣ እንዳትስቁብኝ። «በዚህ ዕድሜሽ ሥራ ፍለጋ?» አለች። «መሬቱን ለእናንተ አካፍዬ፣ ለጨው እንኳ እጃችሁን ሳይ ልኑር?» አልኳት። ጆንያውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ጎህ ሲቀድ መኪና ላይ ነኝ፣ እንደ ሙሽራ በመስኮት በኩል ቦታ ይዤ።

እኛ ጋ ጉሙ እስከ ረፋድ ያቅፈናል። ቴፒ ፀሐይዋ ከኔ ቀድማ ተነስታ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ቆጮ ብለው የሸጡልኝን የአከራዬ ውሻ አሽትቶ ተወው። አከራዬን ደግሞ ስሟት።

«ቤቱ ውሃ አለው?»

«አለው።»

«በየት በኩል?»

«በጣራው። ዝናብ ሲመጣ በየጥጉ ይወርድልሻል።»

ሴትዮዋን ወደድኳት፣ ተከራየሁ።

ሥራ ያገኘሁት ቡና መጋዘን ነው። መሬት ላይ ተደርድረን ከደረቀው ቡና ጥቁሩንና የተሰበረውን እንለቅማለን። አቧራው አፍንጫ ይደፍናል፣ ወገብ ይቆረጣል፣ የሚደገፉት ነገር የለም። ማታ የየሰዉ ለብቻ ይመዘናል፣ በሚዛኑ ልክ ይከፈላል። ይሄን ማን ነገረኝ? የመጀመሪያው ቀን ድርሻዬን ጨርሼ ቀና ስል፣ አጠገቤ ያለችው አስካለ፣ ከአራስ ቤት ገና የወጣች ልጅ፣ ግማሹም አልሄደላትም። እኛ አገር ደቦ ላይ ቀድማ የጨረሰች ቁጭ ብላ ታያለች እንዴ? ተንፏቅቄ ገባሁላት። ዘፈንም አነሳሁ። የሸኮዋም የቤንቿም ሴት በየቋንቋዋ እየተቀበለችኝ ወደ ጎኗ ተንፏቅቃ ለጎረቤቷ ለቀመች። መጋዘኑ ሠርግ ቤት ሆነላችሁ።

ማታ ካቦው፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ሊመዝን መጣ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኛ» አልኩት።

«የኛ የምትባል ሠራተኛ የለችኝም። ያኛውስ?»

«እሱም የኛ።»

ላቡን ጠረገ። «እማማ፣ ነገ እንዳይመጡ።»

ሳቄ እዚያው ቀረ። ጨው ልለምን ልመለስ ነው?

በነጋው ሄድኩ እንጂ። ዘበኛው በሩን ዘጋብኝ። ሴቶቹም ሲመጡ እንደመግባት አጠገቤ ዘርፈጥ አሉ። ውስጥ ጭነት የሚጠብቅ መኪና ጥሩንባውን ይነፋል። ካቦው ወጣ፣ ገባ፣ ደግሞ ወጣ።

«እሺ ይግቡ። ግን ለብቻዎ፣ ከዚያ ጥግ።»

«ወንበር ካለህ፣ ልጄ።»

የራሱን ፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ ሁሉ ሴት ወንበር ያለኝ እኔ ብቻ። ሰፌዴን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሊቀመንበር ተኮፍሼ እለቅማለሁ። የነሱ ሳቅ ከወዲያ ይመጣል፣ በምን እንደሳቁ ግን አይሰማኝም።

ትናንት አልማዝ ደወለች። እንሰት የሚፋቅበት ጊዜ ደርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ለደቦ ግቢያችን ገብቷል፣ ጫጫታው በስልኩ ይሰማል።

«ሥራው እንዴት ነው፣ እማ?»

«ወንበር ሰጥተውኛል።»

«ውይ፣ ተከበርሻ። አጠገብሽ ማን ይቀመጣል?»

ኔትወርኩ እምቢ አለ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።