ሦስተኛው ፕሮፎርማ

ይህ ነገር ያስከፈለኝ አንድ ወዳጅ ነው፤ እሱ ግን ወዳጅነታችን እንዳለቀ ገና አልሰማም። ገንዘብማ አተረፍኩበት። ለማንም ነግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ሚዛን ማጉደሌን፣ ጾም መሻሬን፣ በሐሰት መማሌን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ሚዛን ማጉደል የነጋዴ ኃጢአት ነው፤ እሳቸውም ለምደውታል። ይኸኛው ግን የቅናት ነው። ሰው ቅናቱን ምን ብሎ ይናገራል?

ከጌዶ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ሚስማር እሸጣለሁ። ቶሎሳ ከኔ ፊት ለፊት ጨውና ሳሙና ይሸጥ ነበር። አብረን አደግን፤ ስምንተኛን አብረን ወድቀን አብረን ገበያ ወጣን። እኔ ከበርኩ፣ እሱ አልከበረም። ታዲያ ሰው ምክር ሲፈልግ የኔን ሱቅ አልፎ፣ መንገድ ተሻግሮ ወደ እሱ ይሄዳል። ከኔ የሚፈለገው ዱቤ ብቻ ነው።

ወረዳው በየዓመቱ በጀቱን ከጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ይለጥፋል። ሁላችንም እዚያ እንቆማለን፤ ጥላ አለው። የሚያነበው ግን ቶሎሳ ብቻ ነበር። ያልገባውን ነገር የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች እስኪሰለቹት ይጠይቃል።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ስብሰባ ተጠራን። ወደ ክሊኒኩ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለው ወንዝ የድልድይ በጀት ተይዟል ተባለ። ሕዝቡ ድንጋይና ጉልበት ሊያዋጣ ተስማማ፤ እልልታው ቀለጠ። ቶሎሳ እጁን አወጣ።

«ተይዟል ማለት ካዝና ውስጥ አለ ማለት አይደለም።»

አንድ ሽማግሌ ተቆጡ። «ማሎ፣ እባክህ ቶሎሳ፣ በጀት አለ ካሉ አለ ነው! አታወሳስብብን።»

ቶሎሳ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «ኦቦ፣ የግርማን ሱቅ ያውቁት የለ? መደርደሪያው ሙሉ ነው። ከፊሉን በራሱ ገንዘብ ገዛው፣ ከፊሉን አማቱ ረዱት፣ የቀረው ከአምቦ በዱቤ የመጣ ነው። ክልሉም እንደዚሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚያወጣውን አቅዷል። ከፊሉን ከግብር ያገኛል፣ ከፊሉን ፌዴራል ይደጉመዋል፣ የቀረው ከየት እንደሚመጣ ገና አልታወቀም። የበጀት ጉድለት የሚሉት እሱን ነው። ካልተገኘ ከመደርደሪያው አንድ ነገር ይነሳል። የመምህር ደመወዝ አይነሳም፤ የሚነሳው ያልተጀመረ ድልድይ ነው። ስለዚህ በጀቱ ሳይከለስ፣ ከግማሽ ዓመቱ በፊት የዕቃው ግዢ ውል ይፈረም። ውል ያለውን መንካት ይከብዳቸዋል።»

ለሁሉም ገባቸው። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ለካ ቆርቆሮው የአምቦ ነው!» ብላ ሳቀች። ሚስቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ከጥርሴ አላለፈም። ሐሰት ቢሆን በተከራከርኩት፤ እውነት ነበር። ግን ያንገበገበኝ ዱቤዬ መገለጡ ብቻ ነው? አይደለም። ሽማግሌዎቹ እሱን ያዩበት ዓይን ነው። እኔ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ስሰጥ እንኳ ያዩት ቆርቆሮውን ነው።

እንግዲህ ሥራዬን ልናገር። ወረዳው ዕቃ ለመግዛት ከሦስት ነጋዴ ዋጋ የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት፣ ፕሮፎርማ የምንለውን፣ ይጠይቃል። በከተማችን ሲሚንቶ የምንሸጠው ሦስት ነበርን። እንደ እውነቱ ከሆነ በእኛ ዘንድ ሦስት ፕሮፎርማ ማለት አንድ ሰው በሦስት ማኅተም ማለት ነው፤ እኔ ራሴ ማኅተሜን እንደ ጃንጥላ ነበር የማውሰው። በዚያ ዓመት ግን ድንገት ሕግ አክባሪ ሆንኩ። ሁለቱ ወዲያው ሰጡ። የኔ ቀረ።

ውሉን እንዲከታተል ሕዝቡ አደራ ያለው ቶሎሳን ነበርና ራሱ መጣ። «ግርሜ፣ ያቺን ወረቀት ስጠና።»

«ዋጋ እያጠናሁ ነው።»

«ይኼን ያህል ካጠናህማ ዲግሪ ይሰጡሃል!» ብሎ እየሳቀ ሄደ። አልጠረጠረኝም። የወረዳው ሰዎች ሦስተኛውን ከአምቦ እናስመጣ ሲሉ «ነገ እሰጣለሁ» ብዬ አስቀረኋቸው። ግማሽ ዓመቱ ሊያልቅ፣ ጥር ሲቃረብ ቶሎሳ ተመልሶ መጣ።

«ማሎ ግርሜ፣ ጊዜው አለቀ እኮ።»

«ማኅተሜ ጠፍቶብኛል» አልኩት። ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ነበር። እያናገርኩት በጣቴ እዳብሰው ነበር።

አላወቅሁም ልበል? ቶሎሳ ያንን ሁሉ ካስረዳ በኋላ? ከዚያ ሁሉ ሰው ትምህርቱ አጥንቱ ድረስ የገባው እኔ ነበርኩ። ወረቀቷን ከያዝኩ ውል እንደማይፈረም፣ ውል ካልተፈረመ ድልድዩ እንደሚነሳ አውቄ ያዝኳት። እኔ ያዝኳት። ቶሎሳ በሰው ፊት እንዲያፍር ብዬ ያዝኳት።

ቶሎሳ የፈራው ደረሰ። ከክልል የሚጠበቀው ገንዘብ ጎደለ፤ በጀቱ ተስተካከለ ተባለ፤ ድልድዩ ተነሳ። በስብሰባው ሰው የጮኸው በቶሎሳ ላይ ነው። «አንተ ነህ ውል፣ ውል እያልክ ያሟረትክብን!» ተባለ። እሱ ተነስቶ ምን አለ? «በግርማም አትፍረዱ፤ ማኅተሙ ጠፍቶበት ነው» አለ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ያፍራል ብዬ የጠበቅሁት ሰው ለኔ ጠበቃ ሆነ፤ ለዚህም ቀናሁበት።

ሰኔ ገባና ወንዙ ሞላ። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ሲያሻግሩ ከፊት የያዘው ቶሎሳ ነበር። ከእግሩ ሥር ድንጋይ ተንከባለለ። ሴትዮዋን አሻገሯት፤ በሰላም ተገላገለች። ቶሎሳ ግን ጭኑ ተሰበረ። ወጌሻ አየው፣ ሐኪም አየው፤ አጥንቱ ጠምሞ ገጠመ። ዕቃውን ሸጦ አምቦ ሴት ልጁ ቤት ገባ።

በሚቀጥለው ዓመት ድልድዩ እንደገና በጀት ተያዘለት። ሲሚንቶ ጨምሮ ነበር። ፕሮፎርማዬን በማግስቱ ሰጠሁ፤ አሸነፍኩም።

አምቦ ዕቃ ለማምጣት ስሄድ ጎራ እልበታለሁ። ባለፈው ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ልጁ ወንበር ስታቀርብልኝ፣ እሱ ምርኩዙን ወዲያ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ያ ማኅተም የት ተገኘ?» አለኝ።

«ከሣጥኑ ሥር» አልኩት።

«ተመስገን!» አለ። «ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋበት ይጨነቃል።»

ብርቱካኑን ላጥኩለት።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ቀናሁ፣ ስለቀናሁ ያዝኩ፣ ስለያዝኩ እግሩ ተሰበረ። ድልድዩ ተሠርቷል። ትርፉ እኔ ዘንድ ነው። ቶሎሳ ያነክሳል። አልነገርኩትም።